ራሽ ጋርድ፦ የዋና ካናቴራ አመራረጥና አጠቃቀም

እ.ኤ.አ. በ2021 በተካሄደው የቶኪዮ ኦሊምፒክ ላይ ሰርፊንግ፣ ማለትም ጣውላ ላይ ቆሞ ሞገድ መጋለብ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ በውድድርነት ቀርቦ ነበር። በቴሌቪዥን የተከታተላችሁ ሰዎች ተወዳዳሪዎቹ ከላይ ያጠለቁትን ባለ ቀለም ካናቴራ ሳታስተውሉ አልቀራችሁም። ዳኞቹ ከዳር ሆነው ማን ማን እንደሆነ የሚለዩት በዚያ ቀለም ነው። የዚህ ልብስ ዘር በእንግሊዝኛ ራሽ ጋርድ ይባላል፤ አውስትራሊያውያን ደግሞ በቁልምጫ «ራሺ» ይሉታል። ራሽ ሽፍታ ነው፣ ጋርድ ጠባቂ። ሽፍታ ስል የቆዳውን ማለቴ ነው እንጂ የጫካውን አይደለም።

«ባሕር በሌለው አገር ስለ ሞገድ ልብስ መጻፍ ምን ይሉታል?» የሚል አንባቢ እንደማይጠፋ ይገባኛል። ርእሱን የመረጥኩት በሁለት ምክንያት ነው። አንደኛ፣ ልብሱ የሰርፈኞች ብቻ መሆኑ ከቀረ ቆይቷል። ዛሬ በገንዳ፣ በሐይቅና በፍል ውኃ ከሚለብሱት ሰዎች ብዙዎቹ የሰርፍ ጣውላ በዓይናቸው አይተው አያውቁም። ሁለተኛ፣ ለእኛ ለጋዜጠኝነት ተማሪዎች ጥሩ የልምምድ ዕቃ ነው። ሌብሉ ላይ ቁጥር አለ፣ ማስታወቂያው ላይ ተስፋ አለ፣ በሁለቱ መካከል ደግሞ የሚጣራ ነገር አለ።

በአማርኛ ምን እንበለው በሚለው ላይ ትንሽ ልቆይ። «የሽፍታ መከላከያ» ብንል ለአንባቢው የሚታየው ፖሊስ ጣቢያ ነው። «የዋና ልብስ» ደግሞ ሰፊ ነው፣ ሁሉንም ይጠቀልላል። እኔ «የዋና ካናቴራ» የሚለውን መርጫለሁ። ካናቴራ የሚለው ቃል የመጣልን ከጣሊያንኛው ካኖቲዬራ ሲሆን፣ የዚያ መነሻ ደግሞ ካኖቲዬሬ፣ ጀልባ ቀዛፊ የሚለው ቃል ነው። ቀዛፊዎች ይለብሱት የነበረው እጅጌ አልባ ልብስ ነው ስሙን ያወጣው። እንግዲህ መርካቶ ገብተን ካናቴራ ስንጠይቅ ሳናውቀው የውኃ ሰው ልብስ እየጠራን ነው ማለት ነው።

መጀመሪያ ለምን ተፈለገ

የሰርፍ ጣውላ እግር እንዳያንሸራትት የላይኛው ፊቱ ሰም ይቀባል። ሰሙ ላይ ደግሞ አሸዋ ይጣበቃል። ሰርፈኛው አብዛኛውን ጊዜውን የሚያሳልፈው እንደምናስበው ቆሞ ሳይሆን በደረቱ ተኝቶ በሁለት እጁ እየቀዘፈ ነው። ስለዚህ ደረቱ፣ ሆዱና ብብቱ ሥር ያለው ቆዳ በጨው፣ በሰምና በአሸዋ ሲፈገፈግ ይውላል። ከጥቂት ሰዓት በኋላ ይቀላል፣ ቀጥሎ ይላጣል፣ በማግስቱ የባሕሩ ጨው ሲነካው ደግሞ የሚያቃጥለው ማቃጠል ሌላ ነው። በቀዝቃዛ ባሕር የሚለበሰው ዌትሱት የተባለው ወፍራም የኒዮፕሪን ልብስም ራሱ አንገትና ብብት ይበላል። ራሽ ጋርድ እንግዲህ በቆዳና በጣውላ፣ ወይም በቆዳና በዌትሱት መካከል የሚገባ ስስ ልብስ ነው።

ይህን ለመሥራት መጀመሪያ ጨርቁ መፈጠር ነበረበት። የሃዋዩ ዱክ ካሃናሞኩ፣ እ.ኤ.አ. በ1912 በስቶክሆልም ኦሊምፒክ በ100 ሜትር ፍሪስታይል ወርቅ ያገኘው ዋናተኛ፣ በ1914 ማብቂያ ላይ ሲድኒ አጠገብ በሚገኘው የፍሬሽዋተር ባሕር ዳርቻ ለአውስትራሊያውያን ሞገድ ሲጋልብ ሲያሳይ የዋና ልብስ በብዛት የሚሠራው ከሱፍ ነበር። ሱፍ ደግሞ ውኃ ሲጠጣ ይከብዳል፣ ይንዘላዘላል። ናይለን የተፈጠረው በ1935 በዱፖንት ኩባንያ ላቦራቶሪ በዋላስ ካሮተርስ ነው። በዚያው ኩባንያ ጆሴፍ ሺቨርስ የተባለ ኬሚስት በ1958 ስፓንዴክስን ሠራ፤ በንግድ ስሙ ላይክራ የምንለው እሱ ነው። ብዙ እጥፍ ተለጥጦ ተመልሶ ወደ ቦታው የሚገባ ክር መሆኑ ነው ጥቅሙ። የዛሬው የዋና ካናቴራ ናይለን ወይም ፖሊስተር ሆኖ ስፓንዴክስ የተቀላቀለበት ነው። ሌላ ምስጢር የለውም።

በመንገድ ላይ ግን ልብሱ ሁለተኛ ሥራ አገኘ፤ ፀሐይ መከላከል። ይህም የሆነው በተለይ በአውስትራሊያ ነው። እዚያ የቆዳ ካንሰር ትልቅ የጤና ጉዳይ በመሆኑ፣ የቪክቶሪያ ግዛት የፀረ ካንሰር ምክር ቤት በ1981 አንድ የሚዘፍን የባሕር ወፍ ካርቱን ይዞ ሰፊ ቅስቀሳ ጀመረ። ቅስቀሳው ሕዝቡን ሸሚዝ አጥልቅ፣ ቅባት ተቀባ፣ ባርኔጣ ድፋ ይለዋል። ልብ በሉ፣ ከቅባቱ በፊት የመጣው ሸሚዙ ነው። በ1996 ደግሞ አውስትራሊያና ኒውዚላንድ ልብስ ስንት ጨረር እንደሚያስቀር የሚለካበትን የጋራ ደረጃ አወጡ። ሌብል ላይ የምናያት ዩ.ፒ.ኤፍ. የምትባለዋ ቁጥር የታወቀችው ከዚያ ወዲህ ነው።

ቁጥሯን እንዴት እናንብባት

ዩ.ፒ.ኤፍ. 50 ማለት ጨርቁ ላይ ካረፈው አልትራቫዮሌት ጨረር ከሃምሳ አንዱ እጅ ብቻ፣ ማለትም 2 በመቶው፣ ወደ ቆዳ ያልፋል ማለት ነው። 30 ከሆነ የሚያልፈው 3.3 በመቶ ገደማ ነው፣ 15 ከሆነ ደግሞ ወደ 6.7 በመቶ። ስለዚህ ከ15 ወደ 30 መውጣት ብዙ ለውጥ አለው፣ ከ50 በላይ ያለው ግን ያን ያህል አይደለም። የአውስትራሊያው ደረጃም ከ50 በላይ ያለውን ሁሉ «50+» ብሎ ያቆማል። «100» ብሎ የሚፎክር ማስታወቂያ ስታዩ ሻጩ ትርፍ ቃል እየሸጠ ነው። በቅባት ላይ ያለችው ኤስ.ፒ.ኤፍ. ደግሞ ሌላ ናት፤ እሷ በዋናነት የምትለካው ቆዳ ቀልቶ እስኪቃጠል ያለውን መከላከያ ነው። ሁለቱን ቀላቅሎ መጻፍ በጋዜጦቻችን የጤና ዓምድ ላይም ያየሁት ነገር ነው።

ለማነጻጸር ያህል፣ ተራ ነጭ የጥጥ ካናቴራ ደረቅ ሳለ ከ5 እስከ 7 አካባቢ ነው የሚገመተው፤ ሲረጥብ ወደ 3 ይወርዳል። 3 ማለት ሲሶው ያልፋል ማለት ነው። ሐይቅ ዳር ካናቴራ አጥልቆ ገብቶ «ተሸፍኛለሁ» የሚለው ሰው ሳያውቀው ከፊል ራቁቱን ነው።

እዚህ ላይ ነው የጋዜጠኛው ጥያቄ የሚመጣው። ቁጥሯ በምን ሁኔታ ተለካች? የአውስትራሊያው ደረጃ የሚለካው አዲስ፣ ደረቅና ያልተለጠጠ ጨርቅ ነው። ልብሱ ግን ሲለበስ ይለጠጣል፣ ሲለጠጥ በክሮቹ መካከል ያለው ክፍተት ይሰፋል። አሜሪካኖቹ በበኩላቸው ጨርቁ ከመለካቱ በፊት 40 ጊዜ እንዲታጠብ፣ ለብርሃን እንዲጋለጥ፣ የዋና ልብስ ከሆነም ክሎሪን ያለበት ውኃ እንዲነካው የሚያዝ አሠራር አላቸው። ሁለቱም ሐቀኛ መለኪያ ናቸው፣ የሚመልሱት ጥያቄ ግን አንድ አይደለም። ሌብሉ ላይ የደረጃው ስም ወይም ቁጥር ከሌለና «ፀሐይ ይከላከላል» ብቻ ከተባለ፣ እኔ እንደ ወሬ ነው የምቆጥረው።

«ታዲያ እኛ ጥቁሮች ነን፣ ፀሐይ ምን ያደርገናል?» የሚል ጓደኛ አላጣሁም። ጥቁር ቆዳ የተሻለ መከላከያ እንዳለው እውነት ነው፣ ሙሉ መከላከያ ግን አይደለም፤ ይቃጠላል፣ ይጎዳል። ደግሞ ያለንበትን ቦታ እናስብ። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በየ1,000 ሜትር ከፍታ አልትራቫዮሌት ጨረር 10 በመቶ ያህል ይጨምራል። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፣ ያውም ለምድር ወገብ ቅርብ። ብርዱ ያታልለናል እንጂ ፀሐዩ የባሕር ዳር ፀሐይ የሚያስንቅ ነው። ውኃውም ቢሆን ጥላ አይደለም። ግማሽ ሜትር ጥልቀት ላይ ከላይኛው ጨረር 40 በመቶ ያህሉ አሁንም እንዳለ ይኸው ድርጅት ይገልጻል።

ይህ ነገር ለአንዳንዶቻችን የምቾት ጉዳይ ነው። አልቢኒዝም ላለባቸው ሰዎች ግን እንደዚያ አይደለም። ቆዳቸው ቀለም ስለሌለው ወይም በጣም ጥቂት ስለሆነ ያለ መሸፈኛ የዋሉበት አንድ ቀን እንኳ ያቆስላቸዋል፣ ለቆዳ ካንሰርም እጅግ የተጋለጡ ናቸው። ባለፈው ዓመት ከክፍላችን ልጆች ጋር ከተማ ውስጥ ወዳለ አንድ መዋኛ ሄደን ነበር። አንዷ ጓደኛችን አልቢኒዝም ያለባት ናት፤ ይህን የምጽፈውም ፈቅዳልኝ ነው። አክስቷ ከውጭ የላኩላትን ረጅም እጅጌ ያለው የዋና ካናቴራ ለብሳ ስትመጣ ጥበቃው «የኔ ልጅ፣ ልብስ ለብሶ መግባት ክልክል ነው» አሏት። ግድግዳው ላይም እንደዚያው ተጽፏል። «ጋሼ፣ ይሄ እኮ የዋና ልብስ ነው» ብትል አልሰሟትም። በኋላ ኃላፊው ተጠሩ። እሷም አልተጨቃጨቀችም፤ የእጅጌዋን ጫፍ ገንዳው ውስጥ ነክራ አውጥታ ጨመቀችው። ትንሽ ጠብ ጠብ ብሎ ቆመ። ከዚያ የአንዱን ልጅ የጥጥ ካናቴራ ተቀብላ እንደዚያው ነከረችው፤ እንደ ቡና ቤት መወልወያ ውኃውን ዠረር አደረገው። ኃላፊው ጨርቁን በጣታቸው ዳሰስ አድርገው «ለዛሬ ግቢ» አሏት።

ለዛሬ። ጽሑፉ እስካሁን ግድግዳው ላይ አለ።

ኃላፊውን ለመውቀስ አይደለም። ክልከላው ምክንያት አለው፤ የጥጥ ልብስ ብናኙ የገንዳውን ማጣሪያ ይደፍናል፣ ከመንገድ ያመጣውን አቧራና የሳሙና ቅሪት ውኃው ውስጥ ይለቃል፣ ሲረጥብ ከብዶ ዋናተኛውን ወደ ታች ይጎትታል። ችግሩ የቃላት ነው። «ልብስ ለብሶ» የሚለውን «ከጥጥ የተሠራ ልብስ ለብሶ» ብንለው ሁለት ቃል ብቻ ነው የሚጨመረው፣ ጓደኛዬ ግን በየሳምንቱ ከመለመን ትድናለች። ረጅም መሸፈን ለሚፈልጉ ሙስሊም እህቶቻችንም ያው ነው። አሄዳ ዛኔቲ የተባለች ሊባኖስ የተወለደች አውስትራሊያዊት በ2004 ቡርኪኒ ብላ ያወጣችው ልብስ ጨርቁ ከራሽ ጋርድ የተለየ አይደለም። ፈረንሳይ ውስጥ ግን ክርክሩ እስከ ከፍተኛው የአስተዳደር ፍርድ ቤት ደርሶ፣ በ2022 የግሬኖብል ከተማ ገንዳዎች ቡርኪኒን የፈቀዱበት ደንብ ታግዷል። የውድድር ዋና ሌላ ጉዳይ ነው፤ እዚያ ከ2010 ጀምሮ ወንዶች ከወገብ እስከ ጉልበት፣ ሴቶች ከትከሻ እስከ ጉልበት ብቻ የሚሸፍን ልብስ ነው የሚፈቀደው። በራሽ ጋርድ ገንዳ ላይ መወዳደር አይቻልም።

ሲመረጥ

ዋናው ነገር ልክ ነው። የዋና ካናቴራ ሰውነት ላይ መለጠፍ አለበት፣ ትንፋሽ ግን መያዝ የለበትም። ሱቅ ውስጥ ለብሳችሁ ሁለት እጃችሁን ወደ ላይ አንሡ፣ እንደ ዋና አድርጋችሁ አሽከርክሩ። ታችኛው ጠርዝ እምብርት ድረስ ከወጣ አጭር ነው፣ ብብት ሥር ከታጠፈ ሰፊ ነው። ሰፊ ልብስ ውኃ ይሞላል፣ ወደ አንገት ይሰበሰባል፣ እጥፋቱም ራሱ ቆዳ ይፈገፍጋል፤ ከሽፍታ ሊጠብቅ የተገዛው ሽፍታ ያመጣል ማለት ነው። ሲረጥብ ትንሽ እንደሚላላም አትርሱ። ለልጅ ሲገዛ «ያድግበታል» እየተባለ ሁለት ቁጥር ጨምሮ መግዛት እኛ ቤት የተለመደ ነው። ለዩኒፎርም ይሁን፣ ለዚህ ግን አይሆንም። ለቀቅ ብሎ የሚሰፋ ዓይነትም አለ፤ ለአሸዋ ላይ ጨዋታና ዳር ዳር ለመዋኘት ይሆናል፣ ከዌትሱት ሥር ግን አይለበስም።

ቀጥሎ ገልብጣችሁ ስፌቱን እዩ። ጥሩው ስፌት ጠፍጣፋ ነው፤ ሁለቱ ጨርቆች ጎን ለጎን ተያይዘው ይሰፋሉ እንጂ እንደ ሸሚዝ ውስጥ ለውስጥ የቆመ ጠርዝ አይተዉም። ጣታችሁን ብታሳልፉበት ጉብታ መሰማት የለበትም። የብብቱ ስፌት በቀጥታ እጅ የሚታጠፍበት ላይ ካረፈ ይፋቃል፤ አንዳንዶቹ እዚያ ላይ ትንሽ ቁራጭ ጨርቅ አስገብተው ስፌቱን ወደ ጎን ያሸሹታል።

ጨርቁ እንደምትዋኙበት ውኃ ነው። ናይለን ለስላሳ ነው፣ ለባሕርና ለሐይቅ ጥሩ ነው። ክሎሪን ያለበት ገንዳ ውስጥ ለሚመላለስ ሰው ግን ፖሊስተሩ ይሻላል፣ ምክንያቱም ክሎሪኑን የበለጠ ይቋቋማል። ፖሊስተር በተፈጥሮው አልትራቫዮሌት ጨረርንም ከናይለን የተሻለ ይውጣል። ስፓንዴክሱን ግን ክሎሪንም ሙቀትም ይበሉታል። ሶደሬን የመሰለ ፍል ውኃ የሚያዘወትር ሰው ልብሱ ቶሎ እንደሚላላ አውቆ ይግዛ።

ፊት ለፊት ዚፕ ያለው ለማውለቅ ቀላል ነው፣ ለገንዳ ይሆናል። በደረቱ ጣውላ ላይ ለሚተኛ ሰርፈኛ ግን ዚፑ አጥንት ላይ ስለሚገባ አይመከርም። አንዳንዱ ከፊት ለፊት ታች ላይ ትንሽ ማያያዣ አለው፤ ከቁምጣው ገመድ ጋር ሲታሰር ሞገድ ልብሱን ወደ ላይ አይገፈውም። በቀለም በኩል ጥቁርና ደማቅ ቀለማት ከነጭ የበለጠ ጨረር ያስቀራሉ። ለልጆች ደግሞ ብርቱካናማ ወይም የሚያበራ ቢጫ ምረጡ። ሰማያዊና ነጭ ውኃው ውስጥ ይጠፋሉ፣ ልጅ ሲጠፋ ደግሞ የምንፈልገው በቀለሙ ነው።

የማይሠራውንም መናገር አለብኝ። ከብርድ አያድንም፤ ለዚያ ኒዮፕሪን ነው ያለው። ውኃ ላይ አያንሳፍፍም፣ የሕይወት አድን ጃኬት አይደለም። የተሸፈነው ቦታ ላይ ብቻ ነው ከጄሊፊሽ የሚያድነው። በሰሜን ኩዊንስላንድ መርዘኛው ቦክስ ጄሊፊሽ በሚበዛበት ከኅዳር እስከ ግንቦት ባለው ጊዜ ሰዎች ከአንገት እስከ እግር የሚሸፍን የላይክራ ልብስ የሚለብሱት ለዚህ ነው። (ከዚያ በፊት የነፍስ አድን ሠራተኞቹ የሴት ስቶኪንግ ነበር የሚያጠልቁት፤ ስስ ናይለኑ መርዙን ያስቀር ነበር።) ለእኛ ከሁሉ የሚያሳስበው ቢልሃርዚያ ነው። ጣናን በመሰሉ ሐይቆቻችን ዳር ያሉት ዕጮች ባልተሸፈነ እጅና እግር በኩል ቆዳ ሰርስረው ይገባሉ፣ ካናቴራ አያስቆማቸውም። ፊት፣ አንገት፣ እጅና እግር ላይ ቅባት መቀባትም አይቀርም። ይሁንና ልብሱ የሚቀባውን ቦታ ስለሚቀንስ ቅባት ይቆጥባል። ሃዋይ ከ2021 መጀመሪያ ጀምሮ ኮራልን ይጎዳሉ የተባሉ ሁለት ኬሚካሎች ያሉባቸውን ቅባቶች ሽያጭ ስትከለክል ልብሱ የበለጠ ተፈላጊ የሆነውም በዚህ ነው።

ከዋና በኋላ ወዲያው በንጹሕ ቀዝቃዛ ውኃ አለቅልቁት፤ በረኪና አይነካውም፣ የልብስ ማለስለሻም አይገባበትም፣ ካውያማ ጨርሶ። አትጠምዝዙት፣ በፎጣ ጠቅልላችሁ ጫን ጫን አድርጉና ጥላ ላይ አስጡት። እርጥቡን ቦርሳ ውስጥ ማሳደር ከክሎሪኑ ባልተናነሰ ያበላሸዋል፣ ይሸታልም።

አብዛኞቻችን አዲሱን ከውጭ የምናስመጣበት አቅም የለንም፤ ሰልቫጅ ውስጥ ግን ይገኛል፣ እኔም ስፈልግ ከስፖርት ልብሶች ክምር መሃል አግኝቻለሁ። ሻጮቹ የብስክሌት ሹራብ ነው የሚሉት። ሌብሉ ተቆርጦ ከሆነ ስፌቱን አይታችሁ ትለዩታላችሁ። በሁለት እጅ ይዛችሁ ወርዱን ለጥጡና ወደ ፀሐይ አንሡት። ብርሃኑ በነጠብጣብ ካለፈ፣ ወይም ነጫጭ የተበጣጠሱ ክሮች ብቅ ካሉ ስፓንዴክሱ አልቋል። ስትለቁት ወዲያው ሽምቅቅ ብሎ ካልተመለሰና እንደ አሮጌ ካልሲ ከተንዘላዘለም ያው ነው፤ ሻጩ «አዲስ ነው እኮ፣ ነካ ነካ ነው የተደረገው» ቢላችሁም አስቀምጡለት።